በአምስት ሰዓት የሚዘጋው በር

ቢሮዬ ገርጂ፣ ቤቴ ቀራንዮ። ለአዲስ አበባ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም። ጠዋት ሁለት ታክሲ፣ ማታ ሁለት ታክሲ፣ በመሃል ደግሞ ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ዕድሜ። አባዬ ደህና በነበረበት ጊዜ ይህን ሁሉ ችዬው ኖሬያለሁ። ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እምቢ ሲሉት፣ ምላሱም ሲተሳሰርበት ግን አቃተኝ። አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ቤት ሆኜ ልሥራ ብዬ ለመንኳት። ሰው መለመን ሞቴ ነው፤ ያን ቀን ግን ለመንኩ።

ሥራዬ ከቤት የማይሠራ ዓይነት አይደለም። ድርጅታችን መድኃኒት ያከፋፍላል፣ እኔ ደግሞ ዳታቤዙን እይዛለሁ። የትኛው መድኃኒት የትኛው መጋዘን ውስጥ እንዳለ፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ፣ የትኛው ፋርማሲ ምን እንዳዘዘ የሚያውቀው ሰርቨር ገርጂ፣ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ከቀራንዮ ሆኜ ወደሱ የምገባው በቪፒኤን ነው። ቪፒኤን ማለት በሕዝብ ኢንተርኔት መሃል ለብቻ የተከለለ መተላለፊያ በሉት። መተላለፊያው ጫፍ ላይ ፋየርዎል አለ። እሱ የግቢ ዘበኛ ነው፤ ማን ወደ የትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም እሱ ነው።

አለቃዬ “አንድ ወር እንሞክረው” አለች። “ሥራው ከተስተጓጎለ ግን ትመለሻለሽ፣ አልቀየምሽም አትቀየሚኝም።”

ለሷ የአንድ ወር ሙከራ ነበር። እኛ ቤት ግን ሌላ ነገር ነበር የተንጠለጠለው። ወንድሜ የሚኖረው ሐዋሳ ነው። እኔ ቢሮ ከተመለስኩ አባዬን ወደዚያ ሊወስደው ተነጋግረን ጨርሰናል። እናታችን ካረፈች ቆይታለች፤ ሌላ ሰው የለንም። አስታማሚ ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ቀጥሬለት ሁለቱንም አባረራቸው፣ ያውም በግማሽ ምላስ። በልጅነቱ ከጉራጌ መጥቶ፣ አጠና ተራ ምስማርና ቆርቆሮ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። ኮልፌን ጭቃ ሳለች ጀምሮ ያውቃታል። ሐዋሳ የሚል ቃል ሲሰማ ደህናውን እጁን ያነሳና “አል… ሄድም” ይላል። ያቺን አንድ ቃል እስኪጨርስ ስጠብቀው አንጀቴን ይበላዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት አሪፍ ነበር። ቁርሱን አበላዋለሁ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ እንዲሞቅ አስቀምጠዋለሁ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ጓዳዋ አጠገብ ካለችው ጠባብ ክፍል ገብቼ ላፕቶፔን እከፍታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያናድደኝ። አለቃዬ ከሥራ ሰዓት በኋላ መደወል ጀመረች። ቤት ያለ ሰው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ያለ ይመስላታል። “አንዴ ይቺን ብቻ” ትለኛለች፣ እኔ አባዬን እራት እያጎረስኩ። አንዴ ይቺን ብቻ ስትል አንድ ሰዓት ትሄዳለች፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ እሱም ይተኛል።

ይህን ያማረርኩት ለጋሼ ነው። ጋሼ የኔትወርክ ኃላፊያችን ናቸው። በወጣትነታቸው የስልክ እንጨት ላይ እየወጡ ሽቦ ሲጠግኑ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። ቢሮ ስገባ ምንም የማላውቅ ነበርኩ፤ ኬብል መቆንጠጥ ሳይቀር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፋየርዎሉም በሳቸው እጅ ነው ያለው፤ ያለሳቸው የሚነካው የለም። ያን ቀን በስልክ ሳማርራቸው “እህ” አሉ። ወዲያው ስለ አባዬ ጤና ጠየቁኝ።

ሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ዳታቤዙ ዘጋኝ። ጥያቄ እልካለሁ፣ መልስ የለም። ደግሜ እሞክራለሁ፣ ትንሽ ያስጠብቀኝና “መገናኘት አልተቻለም” ይለኛል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያው። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስሞክር ፍጹም ሰላም፣ ፈጥኖ ይሠራል። እሰይ ብዬ ሥራ ጀመርኩ። አምስት ሰዓት ላይ ዘጋ። ረቡዕም እንደዚያው፣ ሐሙስም እንደዚያው። ከአምስት ሰዓት በኋላ ያለውን ሥራዬን ቢሮ ያለች ባልደረባዬ እየለመንኳት ትሠራልኝ ጀመር፣ እሷም የራሷ ሥራ እያላት።

አሁን ስናገረው ቀላል ነው። ያኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ደሜ ሲፈላ ደግሞ ማሰብ አልችልም። ከአጥራችን ማዶ ጂ ፕላስ ሦስት ሕንፃ እየተሠራ ነው። በያጁ ረፋድ ላይ ብየዳ ሲጀምር የኛ አምፖል ዓይኑን ይጨፍናል። አገኘሁት አልኩ! መብራቱ ሲወርድ የኢንተርኔት ሳጥኔ እየተደናበረ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አርብ ቀን ልክ እንደተቋረጠ ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ወጣሁ።

“ወንድሜ፣ በናትህ! እኔም እንጀራዬ ነው እኮ! በዚህ ሰዓት ካልበየድክ አይሆንም?”

ሰውዬው ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና አየኝ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አቆመ።

“እህቴ፣ ምን አጠፋሁ?”

“መብራታችንን እየሳብክ ሥራዬን አቋረጥከው!”

“ዛሬ እኮ በጄኔሬተር ነው የምሠራው” አለኝ በትሕትና፣ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላው እየጠቆመ። አንድ በሬ የሚያህል ጄኔሬተር አጠገቡ ቆሞ ያጓራል። እንዴት እንዳላየሁት፣ እንዴት እንዳልሰማሁት እስከ ዛሬ አይገባኝም። ከላይ ስካፎልዲንጉ፣ መወጣጫው እንጨት ላይ፣ ያሉት ሠራተኞች ሳቁ፤ እኔም ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወደ ቤት ስገባ አባዬ በረንዳው ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ግማሽ ፊቱ ብቻ ቢሆንም እየሳቀ ነበር። “በ… ሬ… ታ” አለኝ። ስቆጣ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው፣ ሽጉጥ ማለቱ ነው። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ያን ስም አልሰማሁትም ነበር፤ ንዴቴ ሁሉ በነነ።

ቅዳሜና እሁድ ቀዝቀዝ ብዬ አሰብኩበት፣ ከመጀመሪያው ማሰብ የነበረብኝን። ዳታቤዙ ሲዘጋኝ ቪፒኤኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ ምልክት አትጠፋም። የቢሮውን ፋይሎች እከፍታለሁ፣ የቢሮው ማተሚያ ላይ ገጽ እልካለሁ፣ ወጣ ይሉኛል። እምቢ የሚለኝ ዳታቤዙ ብቻ ነው። ይህ ማለት እቤቴ ያለው ነገር ሁሉ ደህና ነው፣ መተላለፊያውም ደህና ነው፣ አንድ በር ብቻ በአምስት ሰዓት ይዘጋል ማለት ነው። ሰኞ ለጋሼ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ ፋየርዎሉን ያዩልኛል? የዳታቤዙን በር የሚዘጋብኝ ነገር አለ።”

እያወሩኝ ከራሳቸው ወንበር ሞከሩት። “እኔ ጋ ይገባል፣ ልጄ። ቀን ላይ ምንም የሚዘጋብሽ ነገር የለም።”

“መዝገቡ ላይስ?”

መዝገቡ የጋሼ ሕግ ነው። ፋየርዎሉ ላይ አንዲት ነገር ከተቀየረች ትልቁ ደብተር ላይ በእጅ ትጻፋለች፣ ሌላ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ስንቱን ወጣት ባለሙያ በዚያ ደብተር የተነሳ ቁም ስቅሉን አሳይተውታል። ገጹን ሲገልጡ ድምፁ በስልክ ተሰማኝ። “ባለፉት ሦስት ሳምንታት የተጻፈ የለም” አሉኝ። እኔም አመንኳቸው፤ እሳቸውን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

ረቡዕ ከሰዓት አለቃዬ ደወለች። የአንድ ፋርማሲ ትእዛዝ በኔ መቋረጥ ምክንያት ሳይወጣ አድሯል። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “የቤትሽ ኢንተርኔት አልሆነም። እስከ አርብ አያለሁ፤ አርብም ከተቋረጠ ሰኞ ቢሮ ግቢ” አለችኝ። የቤቴ ኢንተርኔት እንዳልሆነ ብነግራት ምን ማስረጃ አለኝ? ለወንድሜ ነገርኩት። እሁድ መኪና ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ፣ የአባዬን ልብሶች እንዳዘጋጅም አከለ። ስልኩን ስዘጋ አባዬ በሩ ላይ በከዘራው ተደግፎ ቆሟል። ያለ ሰው ድጋፍ ከበረንዳው ተነስቶ እስከዚያ መምጣቱ ነው። ደግፌ ወደ ወንበሩ መለስኩት።

ሐሙስ ጎረቤታችንን አባዬ ጋር እንድትቀመጥልኝ ለምኜ ላፕቶፔን ይዤ ቤቴል ሄድኩ። ሌላ ሰፈር፣ ሌላ መብራት፣ ሌላ ኢንተርኔት። አንድ ካፌ ጥግ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ አዘዝኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እጄን ከላፕቶፑ ላይ አነሳሁ። አንድ ደቂቃ። ከዚያ ዘጋ፤ ልክ በሰዓቱ፣ ሴኮንድ እንኳን ሳያዛንፍ። “ይኸው!” ብዬ ጠረጴዛውን በእጄ መታሁ፣ አስተናጋጇ ደንግጣ መጣች። ቤቴ ነጻ ወጣ። ግን ማን እንደሚዘጋው ገና አላወቅኩም፣ ነገ ደግሞ አርብ ነው።

ቤት ተመልሼ ከኮምፒዩተሩ ላይ የዘጠኙንም ቀን መቋረጫ ሰዓት ደብተር ላይ ገለበጥኩ። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ዘጠኝ ጊዜ፣ አንዱ ከሌላው ሥር፣ 11፡00 ተብሎ ተጻፈ። እኔ በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ 11፡00 ሳይ ጭንቅላቴ ሳላዘው ስድስት ቀንሶ አምስት ያደርገዋል። ስለዚህ ጥያቄዬ ሁሉ ስለ አምስት ሰዓት ነበር። በአምስት ሰዓት ቢሮ ውስጥ ምን ይደረጋል? ሻይ ሰዓት ነው? የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ሶኬት ትነቅል ይሆን? ሰርቨሩ በዚያ ሰዓት የሚሠራው ከባድ ሥራ አለ? አንድም የሚያስኬድ መልስ አላገኘሁም። ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም።

የአባዬ የንግግር መለማመጃ ቁጥር ማንበብ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችው የልጆች መጽሐፍ አለ፣ ዳክዬና ፊኛ ያለበት። እሱ ግን ዳክዬ ቆጥሬ አልሞትም ብሎ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ያነባል፣ የመብራት ደረሰኝም ይሁን የመድኃኒት ካርቶን። ምሳ ላቀርብ ስሄድ ደብተሬን ጭኑ ላይ ትቼለት ነበር።

“አስራ… አንድ” ሲል እሰማዋለሁ። “አስራ… አንድ። አስራ አንድ።” ወደ ታች እየወረደ፣ ሦስተኛው ላይ ምላሱ ተፈታለት። ሳህኑን ይዤ ስመለስ ቀና ብሎ አየኝ።

“መውጫ ነው” አለ።

“የምን መውጫ፣ አባዬ?”

“የ… ሥራ። ሁለት ሰዓት ት… ገቢያለሽ። አስራ አንድ ት… ወጫለሽ።”

ያኔ ሳህኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ከሁለት እስከ አስራ አንድ። አንድ ሰው ለዚያ ዘበኛ፣ ለፋየርዎሉ፣ የኛን የሥራ ሰዓት ነግሮታል፣ በኛው ሰዓት። ዘበኛው ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ነው። ለሱ ሁለት ማለት ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፣ አስራ አንድ ማለት ረፋድ አምስት ሰዓት ነው። ስለዚህ እኔ ሁለት ሰዓት ስገባ በሩ ከሌሊት ጀምሮ ክፍት ነው፤ አምስት ሲሆን “ሥራ አልቋል” ብሎ ይዘጋብኛል። ይህን ስህተት ፈረንጅ አይሠራውም፤ ከኛ አገር ሰው በስተቀር ማንም አይሠራውም። አባዬን ግንባሩን ሳምኩትና ስልኬን አነሳሁ።

“ጋሼ፣ ፋየርዎሉ ላይ በኔ ስም የሰዓት ገደብ አለ እንዴ?”

“አለ፣ ልጄ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ካንቺ ሌላ ማንንም አይነካም። ግን እሱ ከአስራ አንድ በኋላ…” አሉና ቆሙ። ወንበራቸው ሲንቀሳቀስ፣ ቁልፍ ሲጫኑ ይሰማኛል። “ወይ ጉዴ” አሉ። “ወይ ጉዴ! ስድስት አልጨመርኩም!”

“ለምን አደረጉት ታዲያ? ደብተሩ ላይም የለም!”

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ አልዋሽም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያቃጠለኝ ነገር ነው።

“ከሥራ ሰዓት በኋላ እንዳያስቸግሩሽ ብዬ ነው” አሉኝ። “በሩ ከተዘጋ ‘አንዴ ይቺን ብቻ’ ብትባዪም መግባት አትችይም፤ ልሥራ ብትዪም አይሆንልሽም። ደብተሩ ላይ ብጽፈው የሚፈርመው ሰው ይጠይቀኝ ነበር።” ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ባለቤቴ ስትታመም እኔም ማታ ማታ ከዚህ ሥራ ጋር ነበርኩ። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ። አንድ ቀን ውሃ ስትጠይቀኝ አልሰማኋትም። አርፋለች አሁን። ያን ነገር አንቺ ላይ እንዳላየው ብዬ ነው፤ ይኸው ጭራሽ ወደ ቢሮ ላስመልስሽ ነበር።”

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሳቄም መጣ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ማውጣት አቃተኝ። ሰዓቱን አስተካከሉና “ሞክሪ” አሉኝ። ገባሁ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ስገባ በዘጠኝ የሥራ ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ለአለቃችን መስመሩ ተስተካከለ ብቻ ብለን እንለፈው፣ ጡረታዎ ሲደርስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ምን ያደርግልዎታል ብዬ ለመንኳቸው። “አይሆንም” አሉ። “በኔ ጥፋት ያንቺ ቤት ስሙ አይጠፋም።” ያኑ ዕለት ከሰዓት ገብተው ነገሯት። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። ከደብዳቤው ግን አልተረፉም፤ ደብተሩ ላይም ገደቡን ከነምክንያቱ በገዛ እጃቸው ጻፉት፣ የፈረመችውም አለቃዬ ናት። ከዚያ በፊት ግን ደውለው “ገደቡን ላንሳው ወይስ ልተውልሽ?” ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ይተዉልኝ አልኳቸው።

አርብ ቀኑን ሙሉ በሩ አልተዘጋም። ለወንድሜ ደውዬ መኪናውን እንዳያመጣ ነገርኩት። ለአባዬ ስነግረው ደህናውን እጁን አንስቶ “ብያለሁ” አለኝ፣ እሱ ራሱ ወስኖት የጨረሰው ነገር ይመስል። አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው አለቃዬ ደወለች። ወሩ እንደሚቀጥል ነገረችኝ፣ ከዚያም ልማዷ ነውና አንዴ አንዲት ሪፖርት ብቻ እንዳወጣላት ጠየቀችኝ። ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ ዳታቤዙ ዘጋኝ።

“ተዘጋ” አልኳት።

የሷን ሰዓት የምታይ መሰለኝ።

“በይ እሺ፣ ሰኞ ጠዋት” አለች። “አባትሽን ሰላም በዪልኝ።”

ላፕቶፑን ከደንኩና ወጣሁ። ገና ፀሐይ ነበር። ሥራ ጨርሼ ያን ክፍል ብርሃን ሳለ ለቅቄ የወጣሁበትን ቀን አላስታውስም። አባዬ በረንዳው ላይ፣ ከክፍሌ በር ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠባት ወንበር ላይ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ እንደሚቀበል ሰው እጁን ዘረጋልኝ።

“መጣሽ?” አለኝ፣ ሳይሰበር፣ አንድ ላይ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ቤት ነበርኩ።

“መጣሁ፣ አባዬ” አልኩት፣ አጠገቡ ቁጭ እያልኩ።